እጅ ከፍንጅ

ቁልፉ እኔ ዘንድ ነው፤ ዋሻው የኔ አይደለም።
አንድ የደንብ ልብስ ሰጡኝ፣ አንድ ደብተር፣ ሰማያዊ ቀለም፤
ወር በገባ ቁጥር ስልሳ ሰባት ደረጃ ቆጥሬ እወጣለሁ፣
ስንት እጅ እንደ ቀረ ቆጥሬ እወርዳለሁ።

አገሩ ማሮስ ነው። ከሩዙ ማሳ
ነጭ የድንጋይ ገደል፣ ከውኃ እንደሚወጣ ጎሽ ጀርባውን ያነሣ።
ዋሻን በኛ አፍ ሌአንግ እንለዋለን፤
እዚህ የተወለድን፣ ደጃፉን ሳናይ፣ በሌሊት ወፍ ሽታ እናውቀዋለን።

እንግዳ ሲመጣ አስቀድሜ የምለው ይህን ነው፦
ግድግዳው ላይ እጅ የለም። ያለው
እጅ የነበረበት ነው።
መዳፉን ዘረጋ፣
ቀይ አፈር አላመጠ፣ በምራቁ አራሰ፣ ወደ ድንጋዩ ተጠጋ፣
ዙሪያውን እፍ፣ እፍ አለ፤ ከዚያ መዳፉን አነሣ።
ቀለሙ ሁሉን ነካ፣ እሱን ብቻ ረሳ።

እጅ ነሥቶን ሄደ።
እንደ ጨዋ እንግዳ፣ ከወገቡ ጎንበስ ብሎ?
ወይስ ልንጨብጠው ስንዘረጋ፣ ያንን እጅ ከልክሎ?
አላውቅም። ደመወዜ
ለመጠበቅ ነው እንጂ ለመፍታት አይደለም።
አርባ ሺህ ዓመት ይላሉ ከከተማ የሚመጡት፤
እኔ የማውቀው ሠላሳ አንዱን ነው፣ እሱንም በትካዜ።

ከከርከሮው ሆድ ሥር አንዲት ትንሽ እጅ አለች፣
ትንሿ ጣቷ ወደ ውስጥ የጎበጠች።
የሃዳሲያም እንዲህ ነበረች፤
የሩዝ ዘነዘና ሰብሯት፣ ጠማማ ገጥማ የዳነች።
መንካት ክልክል ነው። እኔም አልነካሁም።
ስንዝር በማይሞላ አየር ላይ መዳፌን ደቅኜ ቆምኩ እንጂ፤
ሚስቴ ከተቀበረች ወዲህ ስንቴ እንደ ቆምኩ ደብተሩ ላይ አልጻፍኩም።

አባቴ ቤት ሲሠራ፣ ምሰሶው በቆመ ዕለት፣
እናቴ የሩዝ ዱቄት በጠበጠች፤ መዳፏን ነክራ እንጨቱን
በጥፊ እንደ መምታት አደረገችው። አምስት ነጭ ጣት።
"ይህ ቤት ሰው አለው" ማለት ነው፤
ለጂኒም፣ ለንፋስም፣ ለሚዞር በሌሊት።

ልጄ ባሶ በብሎኬት ሠራ።
"እጁን የቱ ጋ እንምታው አባ?" አለና ሳቀ።
የሲሚንቶ ፋብሪካ መኪና ነው የሚነዳ። ቀትር ላይ ማዶ ድማሚት ሲያጓራ
የሌሊት ወፎቹ በቀን ይወጣሉ፣ አቧራው ሩዙ ላይ ይተኛል።
የአንድ ተራራ አንዱን ጎን እኔ እጠብቃለሁ፣ ሌላውን ልጄ ይጭናል።
ማታ ከአንድ ሳህን እንበላለን። ስለ ዝናብ እናወራለን።

በዚህ ወር፣ ማክሰኞ፣
ከትንሿ እጅ ሥር፣ መሬት ላይ፣ ቀይ ቅርፊት አገኘሁ፤
ውፍረቱ እንደ ጥፍር።
ጨው ነው ይላሉ፤ ከድንጋዩ ውስጥ ሲገፋ ቆዳው ይላጣል።
ቀና ብዬ አየሁ። ጎባጣዋን ጣት ከቧት የነበረው ቀይ የለም፤
ዙሪያዋ ሲሄድ ጣቷም ሄዳለች።

ደንቡ አጭር ነው፦ ጠቅልል፣ ቀን ጻፍ፣ ለቢሮ አስረክብ።
እኔ ኪሴ ከተትኩ። ደብተሩ ላይ "ለውጥ የለም" ብዬ ፈረምኩ፤
የወረድኩትን ደረጃ ግን አልቆጠርኩም።

የባሶ ልጅ፣ በሴ፣ ከታች ምሳዬን በሙዝ ቅጠል ጠቅልላ
ትጠብቀኛለች። እጄን ሳበች።
"አያቴ፣ ምን ነካህ?"
አውራ ጣቴ ቀይ ነው። በሱሪዬ ጠረግሁት፣ አልለቀቀም።
"ደም ነው?"
"አፈር ነው።"
"የማን?"
የማን እንደሆነ ብነግራት ደስ ባለኝ።

ማታ ደብተሩን ስገልጥ፣ "ለውጥ የለም" ከሚለው መስመር ጎን
አውራ ጣቴ ታትማለች፤
ቀይ፣ ሙሉ፣ ከፊርማዬ ይልቅ የምትነበብ።
እጅ ከፍንጅ።
ገጹን ልቅደደው ብዬ ጫፉን ያዝኩት። ከዚያ ተውኩት።
ሐምሌ ላይ የሚቆጥሩ ሰዎች ይመጣሉ፤
እሷንም ከቀሩት ጋር ይቁጠሯት።